የበሬ ስም፣ የፈረስ ስም፦ ዘይቤ ከባሮ ዳር ሲታይ

«ዘይቤ» የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ሲሆን «ዘ» እና «ይቤ» ተጣምረው «ያለው፣ የተናገረው» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ፤ በመነሻው የሚያመለክተውም ጌጥን ሳይሆን አባባልን፣ ማለትም አንድ ሰው ነገሩን የተናገረበትን መንገድ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነጥብ ቀድሞ መነሣት ያለበት፣ በትምህርት ቤት ዘይቤ ብዙ ጊዜ ወጡ ከተሠራ በኋላ እንደሚነሰነስ ቅመም ሆኖ ስለሚቀርብና፣ ተማሪውም ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ፣ እንቶኔ እያለ ስሞቹን በቃሉ ይዞ፣ ተናጋሪው ለምን እንዲያ እንዳለ ሳይጠይቅ ስለሚያልፍ ነው። ዘይቤ የሚቀዳው ተናጋሪው በእጁ ከሚነካውና በዓይኑ ከሚያየው ኑሮ ስለሆነ፣ ያን ኑሮ የማያውቅ አድማጭ ቃላቱን ሁሉ ሰምቶ አባባሉን ሊስተው ይችላል። ለዚህ አስተያየት ጋምቤላ ጥሩ መመልከቻ ነው፤ አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቋንቋ በሚኖሩበት በዚህ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ በመሆኑ፣ በደጋ የበቀለ ዘይቤ በቆላ ወንዝ ዳር በየቀኑ ይነገራል።

የዋና ዋናዎቹን ዘይቤዎች ስም ማስያዝ ቢያስፈልግም ብዙ መቆየት ግን አይገባም። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» በሚሉት ቃላት አማካይነት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በሚጋሩት ባሕርይ የሚያስተያይ ነው፤ «ታንኳዋ በውኃው ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ሄደች» የሚል ሰው፣ ታንኳና ቅጠል ሁለት መሆናቸውን ሳይሸሽግ ቅለታቸውን ብቻ ያገናኛል። ተለዋጭ ዘይቤ ደግሞ አገናኙን ቃል ጥሎ አንዱን ነገር በሌላው ስም ይጠራል፤ «ባሮ አውራ ጎዳና ነው» ሲባል «እንደ» የለም፣ ወንዙ ራሱ መንገድ ሆኗል። ሰውኛ ዘይቤ ሰው ላልሆነው የሰውን ጠባይ ሲያለብስ፣ እንቶኔ ደግሞ በቦታው የሌለውን ወይም ሊሰማ የማይችለውን ነገር ፊት ለፊት እንዳለ ሰው ያነጋግራል። አማርኛ ከነዚህ ሌላ ሰዋስው ውስጥ የተደበቀ ንጽጽርም አለው፤ ነብርማ፣ አመድማ፣ ወርቅማ በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለችው «ማ» የ«እንደ»ን ሥራ በአንዲት ፊደል ስለምትሠራ፣ ነብርማ ጨርቅ የሚለብስ ሰው ሳያውቀው ነብር ለብሶ ይሄዳል።

«ባሮ አውራ ጎዳና ነው» የሚለው ምሳሌ ግን አንድ ችግር አለበት፤ ለብዙ ዓመታት ዘይቤ ሳይሆን ተራ እውነት ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ተፈቅዶ፣ የጋምቤላ ወደብ ከዚያ ውል ተወለደ፤ ክረምት ገብቶ ውኃው ከፍ ሲል የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይደርሱና የምዕራቡን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ጣቢያውም በ1956 እ.ኤ.አ. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንግዲህ ያን ጊዜ የነበረ ነጋዴ ባሮን ጎዳና ቢለው ቅኔ አልዘረፈም። አንድ አባባል ዘይቤ መሆን አለመሆኑ በቃላቱ ብቻ የማይታወቅ፣ የተነገረበትን ዘመንና የተናጋሪውን ሥራ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዘይቤ ሁሉ የጸዳ ሊሆን የሚገባው ያ የውል ጽሑፍ እንኳ፣ ቦታው በወንዙ በኩል የሚኖረውን ርዝመት ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በእንግሊዝኛው «ግንባር» ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ስያሜ ተጠቅሞ ለመሬቱ ፊት ሰጥቶታል።

እንዲህ ያለው ከመለመዱ የተነሣ ዘይቤነቱ የማይታይ አባባል «የሞተ ዘይቤ» ይባላል፤ የመርፌ ዓይን፣ የጠርሙስ አንገት፣ የጠረጴዛ እግር ሲባል ዓይንም አንገትም እግርም በሐሳብ የሚመጣበት ሰው የለም። ነገር ግን የሞተው ዘይቤ አገሩን ሲለቅ አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። «ወንዝ የማያሻግር ሐሳብ» የሚለውን የአማርኛ ፈሊጥ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ይህን ፈሊጥ የፈጠረው አገር ወንዙ ጥልቅ ገደል ቆርጦ የሚወርድበት፣ ክረምት ሲገባ ዘመድን ከዘመድ የሚለይበት፣ መሻገር የጉልበትና የብልሃት መፈተኛ የሆነበት ደጋ ነው። በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ዳር ለሚኖረው አኙዋ ግን ወንዝ እንቅፋት አይደለም፤ ጎርፉ ሲመለስ በቆሎና ማሽላ የሚዘራበት እርጥብ መሬት የሚተው፣ ዓሣ የሚሰጥ፣ በታንኳ የሚኬድበት የኑሮው መሐል ነው። ስለዚህ በአኙዋኛ «ኦፔኖ» እየተባለ በሚጠራው ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ በክፍል ውስጥ «ወንዝ የማያሻግር» የሚለውን ሲሰማ ትርጉሙን በፈተና ይመልስ ይሆናል፣ ወንዝ መሻገር ምን ያስደንቃል ብሎ ቢያስብ ግን አይፈረድበትም። «የወንዜ ልጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በደጋው በአንድ ሸለቆ የታጠረ የአንድ ቀበሌ ሰውን ሲያመለክት፣ በባሮ ዳር ቃል በቃል ቢወሰድ ከኢሉባቦር ተራሮች ሥር እስከ ሶባት ድረስ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ያጠቃልላል።

አንድን ነገር ከእርሱ ጋር በቅርብ በሚዛመድ በሌላ ነገር ስም የመጥራት ዘዴ፣ የዝምድና ዘይቤ ሊባል የሚችለው፣ ከተለዋጭ ዘይቤ የሚለየው በመመሳሰል ሳይሆን በመጎራበት ላይ ስለሚቆም ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ጋምቤላ የመጣ ሰው «ለእንጀራዬ» ሲል፣ የጎረቤቱ ማዕድ የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ ቢሆንም አባባሉ ሳይሻሻል ይሠራል፤ እንጀራ እዚህ ምግብ መሆኑ ቀርቶ መተዳደሪያ ሆኗልና። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው «ደገኛ» የሚለው ስም ነው። በጋምቤላ ይህ ቃል ከደጋው ለመጣ ሰው የተሰጠ የቦታ ስም ሆኖ ጀመረ፤ ዛሬ ግን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ በሚያቃጥለው ከተማ ተወልዶ ያደገውን፣ ደጋን በዓይኑ ያላየውን ልጅም ይጠራበታል። ቦታው ከስሙ ወጥቶ ሄዷል፣ ስሙ ግን የቀረ ሲሆን፣ የጠሪውና የተጠሪው ግንኙነት ምን እንደሚመስል የሚወስነውም መዝገበ ቃላት ሳይሆን የተጠራበት ድምፅ ነው።

ስለ ዘይቤ የሚጻፍ የትኛውም የአማርኛ መጽሐፍ ሊያልፈው የማይገባው የጋምቤላ ሀብት የኑዌር የበሬ ስም ነው። ኑዌር ከብት አርቢ ሕዝብ እንደመሆኑ የከብት ቀለም የሚገልጽበት ቃል እጅግ የበዛ ሲሆን፣ መሠረታዊ የሆኑት የቀለም ስሞች ከነጭ ዝንጉርጉርነት አቀማመጥ ጋር፣ በጀርባ፣ በጎን፣ በአንገት ወይም በፊት ላይ እየተባለ ሲጣመሩ በመቶ የሚቆጠሩ ስያሜዎችን ይወልዳሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ከዱር እንስሳት የተወሰዱ ናቸው፤ ነጠብጣብ ያለበት ከብት በነብር ስም «ኩዋች»፣ መስመር ያለበት በአዞ ስም «ኛንግ» ይባላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ተለዋጭ ዘይቤ ነው፣ መነሻው መመሳሰል ነውና፤ የአማርኛው «ነብርማ» የሄደበትን መንገድ ኑዌርም ያለ «ማ» ሄዶበታል። በቀደመው ሥርዓት ግን ወጣቱ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ተቀርጾ ወደ ጎልማሶች ጎራ ሲገባ በሬ ይሰጠውና የዚያ በሬ ስም የራሱ የክብር ስም ይሆናል፤ እኩዮቹ በዚያ ይጠሩታል፣ በጭፈራ ላይ በዚያ ይፎክራል፣ ስለ በሬውም ዘፈን ያወጣል። እዚህ ላይ ዘይቤው ይዞራል፤ ሰውየው በሬውን አይመስልም፣ በሬው የእርሱ ስለሆነ ብቻ በስሙ ተጠራ። ነብር ለበሬው ቀለሙን በመመሳሰል አበደረው፣ በሬው ደግሞ ለሰውየው ስሙን በዝምድና አስተላለፈለት፤ አንድ ስም በሁለት ዘይቤ ተሻግሮ ከዱር ወደ በረት፣ ከበረት ወደ ሰው ደረሰ ማለት ነው።

ይህን እንግዳ አድርጎ የሚመለከት የደጋ አንባቢ የራሱን የፈረስ ስም ያስታውስ። ዓፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ሲባሉ የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው፤ «አባ» የሚለውም የፈረሱን ባለቤት ያመለክታል። ዘዴው ከኑዌሩ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱ ስሙ ራሱ በሚነግረው ነገር ላይ ነው። የፈረሱ ስም በብዛት ከግሥ የወጣ፣ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል የሚል የጦር ሜዳ ትእዛዝ ሲሆን፣ የበሬው ስም ደግሞ ቀለምን የሚያሳይ የመልክ ስም ነው። አንዱ ለጆሮ፣ አንዱ ለዓይን ተሠርቷል፤ ፈረስ የሚወደደው በሚያደርገው ነገር ስለሆነ፣ በሬ ግን ማለዳ ከበረት ሲወጣ ቀንዱና ቆዳው ታይቶ ስለሚደነቅ ሊሆን ይችላል። የፈረሱን ስም እንደ ታሪክ፣ የበሬውን ስም ደግሞ እንደ ብሔረሰብ ልማድ ለይቶ ማስተማሩ ግን ተገቢ አይመስልም፤ ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ የሚገቡ የአንድ ዘይቤ ልጆች ናቸውና።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ለሰሚው ዘይቤ የሚመስለው ለተናጋሪው እምነት ሲሆን ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኑዌርና ከአኙዋ ዘንድ የተመላለሰ፣ ኋላም በጣልያን ወረራ ጊዜ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከአኙዋ ተዋጊዎች ጋር የዘመተ ሰው ሲሆን፣ ስለ ኑዌር ሃይማኖት በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «መንትዮች ወፎች ናቸው» የሚለውን የኑዌር አባባል አንሥቶ ረጅም ትንታኔ ሰጥቶበታል። ጥናቱ በአብዛኛው በጊዜው ሱዳን በነበረው ወገን የተካሄደ ቢሆንም የጂካኝ ኑዌር በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖር ስለሆነ ነገሩ ለጋምቤላ እንግዳ አይደለም። አባባሉን ለብቻው የሰማ መምህር «ተለዋጭ ዘይቤ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል፤ ግን መንትዮች በምን ወፍ ይመስላሉ? ክንፍ የላቸውም፣ አይበሩም፣ ኑዌርም ይህን አጥቶት አይደለም። ነገሩ የሚፈታው ሦስተኛ ወገን ሲገባ ነው፤ ወፎች በሰማይ ስለሚበሩ የአምላክ ልጆች ናቸው፣ መንትዮችም መወለዳቸው ከተለመደው ውጭ ስለሆነ በተለየ መንገድ የአምላክ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በመልክ ሳይሆን ከአምላክ ጋር ባላቸው ዝምድና ነው። ስለዚህ መንታ ሆኖ የተወለደ ሰው የወፍ ሥጋ ወይም እንቁላል አይበላም፤ መንትያ ሕፃን ሲሞት «ሞተ» ሳይሆን «በረረ» ይባላል፣ አስከሬኑም ወፎች በዛፍ ስለሚያርፉ በዛፍ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። አማርኛ ሰው ሲሞት «ዐረፈ» ማለቱ ሐዘንን ለማለዘብ ነው፤ የኑዌሩ «በረረ» ግን ማለዘቢያ ብቻ ሳይሆን ሟቹ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ቃል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ ደግሞ የዘይቤን አቅጣጫ በግልጽ ያሳያል። ኑዌር ለመሥዋዕት የሚሆን ከብት ሲያጣ ዱባ መሳይ ፍሬ ቆርጦ ያቀርብና በሥርዓቱ ላይ «በሬ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሆኖም በሬን ፍሬ ብሎ የሚጠራ የለም፤ እንደዚሁም መንትዮች ወፎች ይባላሉ እንጂ ወፎች መንትዮች አይባሉም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1962 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ይህን የመንትዮችና የወፎች ነገር መልሶ አንሥቶ የሰው አእምሮ እንስሳትን ለማሰቢያነት እንዴት እንደሚጠቀም ማስረጃ አድርጎታል፤ በዚህም የተነሣ ከሶባትና ከባሮ ዳር የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር በዓለም የዘይቤ ጥናት ውስጥ በእጅጉ ከተከራከሩባቸው አንዷ ሆናለች። የኢትዮጵያ ተማሪ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ሊያገኛት አለመቻሉ ያሳዝናል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ዘይቤን ሆን ብሎ የሚሠራው፣ ሠሪውም ተቀባዩም ሥራ መሆኑን አውቀው የሚገናኙበት ቅኔ ይገኛል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ራሱ ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቅርጽ ወርቅ ያፈስበታል፤ በቅኔም ላይ ላዩ የሚሰማው ሰም፣ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ወርቅ ይባላል። እንግሊዛዊው ሃያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1936 እ.ኤ.አ. ተለዋጭ ዘይቤን ተሸካሚና ተሸካሚው የሚያደርሰው ሐሳብ ብሎ ለሁለት ሲከፍለው፣ የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ሊቃውንት ከዘመናት በፊት በሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና እና በስምንት መስመሩ መወድስ ላይ ሲሠሩበት የኖሩትን ነገር በሌላ ስም ጠራው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በሪቻርድስ አከፋፈል ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሊታዩ ሲችሉ፣ በቅኔ ሰሙ መቅለጥ አለበት፣ ሰሚውም ካላቀለጠው ወርቁን አያገኝም።

የዚህ ጥበብ አንዱ መሣሪያ ኅብር፣ ማለትም ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ማሰማት ሲሆን፣ የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አለማመልከቱ ለኅብር ትልቅ በር ከፍቶለታል። «የባሮ ዳር ልጅ ሥራው ዋና ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ና» ላልታ ስትነበብ ልጁ ከውኃ የማይወጣ ዋናተኛ ይሆናል፤ ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ ሥራው ከሁሉ የበለጠ ሥራ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ሁለቱም በሁለት ፊደል ተኝተው አንባቢውን ይጠብቃሉ። ኑዌርኛና አኙዋኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለይባቸው ቋንቋዎች ሲሆኑ የሚጻፉበት የላቲን ፊደል ይህን ከፍታ በአብዛኛው አይመዘግብም። እንግዲህ በእነርሱም ጽሑፍ ውስጥ ለቃል ጨዋታ የሚሆን ያልተነካ ቦታ አለ ብሎ መገመት የሚከብድ አይደለም።

ትእምርት፣ ማለትም በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ከራሱ የሰፋ ሐሳብ ወክሎ ሲቆም፣ በአኙዋ ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዶቃ ነው። ዲሙይ የተባለው ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ለጥሎሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ ኑዌር በከብት የሚፈጽመውን አኙዋ በዶቃ ይፈጽመዋል፤ የመሳፍንቱ የሥልጣን ምልክት የነበሩት የአንገት ዶቃዎችም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ክብርን ይዘው ይዞሩ ነበር። አኙዋን ለሚገልጽ ደራሲ ዶቃ ጌጥ ብቻ ሆኖ ከታየው የገጸ ባሕርይውን ጋብቻ፣ ዕዳና ኩራት ሳያየው ያልፋል። የማጃንግ ደን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው፣ ለንብ አርቢው ሕዝብ ከማር ጋር የተያያዘ የራሱ የአባባል ጎተራ ቢኖረው የሚጠበቅ ነው፤ ይህን ግን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቶ መጻፍ እንጂ ከሩቅ ሆኖ መተንተን አይሆንም።

በጋምቤላ ተወልዶ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ሁለት ጎተራ አለው። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ያለማመዱት ጎህ ሲቀድ ውርጭ፣ ክረምት ሲገባ ጭጋግ፣ ደስታ ሲመጣ አንጀቱ ቅቤ የሚጠጣ ሰው ነው፤ እነዚህ ሁሉ ለፈጠራቸው አገር ሕያው ሲሆኑ፣ ባሮ ዳር በተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ሲገቡ ግን የተውሶ ልብስ ይመስላሉ። በአንጻሩ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በሺህ ተከታትለው ሜዳውን ሲያቋርጡ፣ የባሮ ውኃ በነሐሴ ደፍርሶ ሲያብጥ፣ በድርቅ ወራት የማንጎ ጥላ የሰው ሁሉ መሰብሰቢያ ሲሆን ያየ ጸሐፊ ለስደት፣ ለቁጣና ለመጠጊያ የሚሆን ዘይቤ ከደጃፉ አለው። እዚህ ላይ አርስቶትል ተለዋጭ ዘይቤን መፍጠር ከሌላ ሰው የማይማሩት ችሎታ ነው ማለቱ ከፊሉ ብቻ እውነት ይመስላል፤ መመሳሰልን ማየት ተሰጥኦ ሊሆን ይችላል፣ ምን ከምን ጋር እንደሚመሳሰል የሚወስነው ግን ሰው የኖረበት ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚፈተነው በትርጉም ሥራ ላይ ነው። በኑዌርኛ ፊቱ ነጭ የሆነ በሬ «ኩዌይ» ይባላል፤ ቃሉ ራሷ ነጭ፣ ክንፏ ጥቁር ቡናማ የሆነችው ዓሣ በል ንስር ስም ነው፤ እርሷም በወንዙ ዳር ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ስትጮኽ ከሩቅ ትሰማለች። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ከብት የተዘጋጀ ጥሩ ቃል አለው፤ ግንባሩ ነጭ የሆነው «ቦቃ» ይባላል። ተርጓሚው «ቦቃ» ብሎ ቢጽፍ የጎጃም ገበሬ በሬውን ወዲያው ያየዋል፣ ንስሯን ግን አያያትም፤ «ንስሩ በሬ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ አንባቢው በሬው የሚበር ወይም የሚያጠቃ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን የቀለም ብቻ ነው። «ኩዌይ» ብሎ ስሙን እንዳለ ትቶ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ንስሯን ከባሮ ዳር ዛፍ ላይ የሚያስቀምጥ ተርጓሚ፣ አንባቢውን ለጊዜው ቢያዘገየውም፣ ወጣቱ በጭፈራው መሐል ያን ስም ሲጠራ በሬውንና ወፏን በአንድ ላይ ያሰማዋል።